የባየ የጭቃ ዲግሪ

ሸዋ ቤንች ውስጥ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቤቶች አሉ። ሁለቱንም የመረጋቸው ባየ ነው። በአንድ ወር ውስጥ፣ በእነዚሁ በሁለት እጆቹ፣ ከአንድ ክምር በወጣ ጭድ። የመጀመሪያው ቤት ዘጠኝ ክረምት አልፎበት ግድግዳው እስከ ዛሬ ልሙጥ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ግን ሦስት ወር ሳይሞላው ተሰነጠቀ። ስንጥቋ መጀመሪያ ጸጉር ታህል ነበር፤ ቀጥላ ጣት አስገባች፤ ኋላ የቤቱ ልጆች እርሳስ ማስቀመጫ አደረጓት።

ባየ ጭቃ መራጊ ነው። አባቱ ከጎጃም መጥተው ሸዋ ቤንች የሰፈሩ ገበሬ ነበሩ፤ እሱን ግን ከሞፈር ይልቅ ጭቃ ቀናው። በሚዛን ተፈሪና በዙሪያዋ የመረጋቸው ቤቶች ቢሰበሰቡ አንድ ቀበሌ ይወጣቸዋል። ያ ሁሉ ቤት ጸንቶ ቆሞለት ሳለ እሱ የሚያስበው ስለዚያች ስለ አንዲት ስንጥቅ ነበር። ሸዋ ቤንች ሲሄድ በደጃፏ ላለማለፍ በጓሮ ይዞራል። አንድ ቀን የቤቱ ባለቤት ጓሮ ድረስ ተከትሎት፣

"ባየ፣ ምነው ትሸሸኛለህ? እኔ እኮ ለምጃታለሁ። እሷ ባትኖር ማበጠሪያዬን የት አደርገው ነበር?" አለው።

ባየ ሳቀ። ቤቱ እስኪገባ ድረስ ግን "ለምን?" የምትል አንዲት ቃል ከአፉ አልጠፋችም።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል። አፈር፣ ውኃ፣ ጭድ፤ አለቀ። እውነቱ ግን እንዲህ ነው። አፈሩ ጉድጓድ ውስጥ በውኃ ይርሳል፤ ጭድ ይነሰነስበታል፤ በእግር ይረገጣል፤ ከዚያ ተሸፍኖ ይተዋል። ሁለት ሦስት ሳምንት እንደ ሊጥ ይቦካል። በየሦስት ቀኑ ይገላበጣል። ሲደርስ መልኩ ይጠቁራል፣ ሽታው አፍንጫ ይይዛል፣ ጭዱ እጅ ላይ ይልማል፣ ጭቃውም ሲጎትቱት ይለጠጣል። ያልቦካ ጭቃ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል እንጂ አይይዝም። ይህን መራጊ ሁሉ ያውቃል። ለምን እንደሆነ ግን የሚናገር የለም። ቢጠየቁ "አባቶቻችን እንዲህ ያደርጉ ነበር" ይላሉ፤ የባየ አባት ደግሞ ገበሬ ነበሩ።

እንግዲህ ባየ በልጅነቱ ያቋረጠውን ትምህርት በአርባ ዓመቱ በማታ ቀጥሎ፣ በአርባ አራት ዓመቱ ሚዛን ተፈሪ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ የማታ ተማሪ ሲሆን፣ ሰው ሁሉ ሹመት ፈልጎ ነው ብሎ አሰበ። ባለቤቱ እታገኝ ብቻ ልቡን ታውቅ ነበር። እሷ ገበያው ውስጥ ሳሙና፣ ጨውና ክብሪት ትሸጣለች። ደንበኞቿ "ባልሽ ምን ሊሆን ነው የሚማረው?" ሲሏት፣ "ምንም ሊሆን አይደለም፤ በአንዲት ግድግዳ ተጣልቶ ነው" ትላቸዋለች።

የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ነበር፤ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ጂኦግራፊ። ባየ አለፈ። ችግሩ የመጣው በዓመቱ መጨረሻ፣ ትምህርት ክፍል ምረጡ ሲባል ነው። ወዲያው አልመረጠም። ማሰሮ ከመግዛቱ በፊት አንኳኩቶ እንደሚያይ ሰው፣ ከሁለቱ ግድግዳዎች አንድ አንድ ጓል ፈልፍሎ በፌስታል ቋጥሮ መምህራኑን መዞር ጀመረ።

መጀመሪያ የሄደው አፈር ወደሚያስተምረው ወደ መምህር ኢዮሲያስ ነበር። ኢዮሲያስ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ አፈር ሲያይ ዓይኑ የሚበራ ልጅ ነው። ከተሰነጠቀው ጓል ቆርሶ በውኃ አራሰው፤ በመዳፎቹ መካከል እያንከባለለ እንደ ክር አቀጠነው። ክሩ ሳይበጠስ ረዘመ።

"አዩት ጋሽ ባየ? ሸክላ የበዛበት አፈር እንዲህ ነው። ሸክላ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲኮማተር የት ይሂድ? ይሰነጠቃል። አፈር ነው ነገሩ። እኛ ጋ ይግቡ።"

ቀጥሎ ኮንስትራክሽን ወደሚያስተምረው ወደ ኢንጂነር ሳዲቅ ሄደ። ሳዲቅ ጓሎቹን እንኳ አልነካም።

"ማገሩ ስንት ስንት ሴንቲ ተራርቆ ነው የተመታው? ቋሚው እንጨት ምንድን ነው? ምርጊቱ ስንት ጣት ይወፍራል? አየህ፣ ጋሽ ባየ፣ ጭቃ ብቻውን አይሰነጠቅም፤ የተሸከመው ነገር ሲንቀሳቀስ ነው የሚሰነጠቀው። እኛ ጋ ግባ።"

በመጨረሻ የባዮሎጂ መምህርቷ ዶክተር ሩሐማ ዘንድ ደረሰ። እሷ ሁለቱንም ጓሎች ተራ በተራ አሸተተች። ዘጠኝ ዓመት የደረቀ ጭቃ ምን እንደሚሸት እግዜር ይወቀው፤ እሷ ግን አሸተተች።

"ማቡካት ማለት እኮ በዓይን የማይታዩ ነፍሳትን ሥራ ማስገባት ነው" አለችው። "ጭዱን እየበሉ እንደ ሙጫ ያለ ነገር ይተዋሉ። ያ ሙጫ ነው አፈሩን የሚያያይዘው። ሥራቸውን ሳይጨርሱ ካስነሷቸው ሙጫ የለም። እኛ ጋ ቢገቡ ይሻላል።"

ባየ ወጥቶ ከኮሌጁ በር አጠገብ ካለው የሾላ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ሦስት ሰው ጠየቀ፣ ሦስት መልስ አገኘ፣ ሦስቱም እውነት ይመስላሉ። የሚገርመው ግን ሦስቱ ሰዎች በሚያስተምሩባቸው ሕንጻዎች መካከል ያለው ርቀት ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም፤ አንዱም ግን ሌላው ምን እንደሚል ጠይቆ አያውቅም። አንዱን ቢመርጥ የጥያቄውን ሲሶ ይዞ ይመረቃል። ሲሶ ግድግዳ ደግሞ መርጎ አያውቅም።

ከዚያ ሲነሳ ነው ማስታወቂያ ሰሌዳውን ያየው። "የጠፋ መታወቂያ" ከሚል ወረቀት ሥር ግማሽ ገጽ ተከልሎ ኖሯል። ኮሌጁ በዚያ ዓመት ለሙከራ "በራስ የሚቀረጽ ዲግሪ" የሚባል ነገር ጀምሯል። ተማሪው ከአንድ በላይ ከሆኑ ትምህርት ክፍሎች ኮርሶች አጣምሮ የራሱን ዲግሪ ማቅረብ ይችላል። እስከዚያ ቀን ያመለከተ አንድም ሰው አልነበረም።

ሕጉ አራት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ተማሪው ሊመልሰው የሚፈልገውን ጥያቄ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከመቶ ሃያ አራት ክሬዲት ያልበለጠ የኮርስ ዝርዝር በቅደም ተከተል ያቅርብ። ሦስተኛ፣ ከየትምህርት ክፍሉ አንድ አንድ መምህር በአንድ ስብሰባ ተገናኝተው ዝርዝሩን መርምረው ይፈርሙ። አራተኛ፣ ለዲግሪው ስም ይውጣለት። ይህ ሁሉ በዚያ ወር መጨረሻ ሰኞ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተጠናቀቀ፣ ተማሪው ቦታ ወዳለበት ክፍል ይመደባል። ቦታ ያለው ማኔጅመንት ነበር።

ሬጅስትራር ቢሮ ፎርሙን የሰጠችው ወይዘሮ ተሾመች የምትባል፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ሰውን ከላይ የምታይ ሴት ናት።

"ጋሽ ባየ፣ ማኔጅመንት ምን አደረገዎት?" አለችው።

"እኔን ምንም። ግድግዳውን ግን ምንም አያደርግለትም።"

"እስቲ ይሞክሩት። ስርዝ ድልዝ እንዳይኖርበት ብቻ።"

አንደኛው ቀላል ነበር። ባየ ጥያቄውን ዘጠኝ ዓመት በአፉ ይዞት ስለኖረ በአንድ ተቀምጦ ጻፈው። ሁለተኛው ግን ላብ አስወጣው፤ ላቡም ጣፋጭ ነበር። የሦስቱን ክፍሎች የኮርስ መጽሐፍ ተውሶ መጣ፤ ከእታገኝ የሳሙና ካርቶን እየቆረጠ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ኮርስ ጻፈ፤ ከዚያ የቤቱ ወለል ላይ ዘረጋቸው። አደራደሩን ከሙያው ወሰደ። ቤት ሲሠራ ቋሚው ይቀድማል፣ ማገር ይከተላል፣ ከዚያ ምርጊት፣ በመጨረሻ ልስን። ኮርሶችም እንደዚሁ ሆነው አገኛቸው። ኬሚስትሪ ሳይቆም የአፈር ኬሚስትሪ አይመታበትም፤ የአፈር ኬሚስትሪ ሳይኖር ስለ ሸክላ ማውራት ባዶ አየር ላይ መምረግ ነው። ሒሳብ ያልገባው ሰው እንጨት ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ማስላት አይችልም። ስለዚህ ቋሚዎቹን በአንድ ረድፍ፣ ማገሮቹን በላያቸው አጋድሞ ደረደረ። ቤቱ መተላለፊያ አጣ።

ሲደምረው መቶ ሰባ አንድ ክሬዲት መጣ።

እታገኝ በካርቶኖቹ መካከል በእግር ጣቶቿ እየረገጠች፣ "አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ ተምረህ እስክትጨርስ ግድግዳው ራሱ አፈር ይሆናል" አለችው። "ደግሞ ይሄ ምንድን ነው? 'የድልድይ ዲዛይን'። መቼ ነው አንተ ድልድይ የመረግኸው?"

ባየ ካርቶኑን አነሳው፤ አየው፤ ወደ ሳሙናው ሳጥን መለሰው። ከዚያ መላው ተገለጠለት። እያንዳንዱን ካርቶን እያነሳ "ስለዚያች ስንጥቅ ምን ትላለህ?" ብሎ መጠየቅ ጀመረ፤ ካርቶን ለካርቶን። የሚናገር ይቀራል፣ ዝም የሚል ሳጥን ይገባል። የአስፋልት ኮርስ ዝም አለ። የዓሣ እርባታ፣ በስሕተት ነው የተጻፈ፣ ዝም አለ። ስለ ዝናብና ስለ አየር እርጥበት የሚያስተምረው ግን ሊጣል ሲል ተናገረ፤ ሚዛን ላይ ዝናብ ያልገባበት ግድግዳ የት አለ? በአራተኛው ቀን መቶ ሃያ አራት ላይ ደረሰ። እታገኝም ወለሏን አገኘች።

ሦስተኛው ሕግ ነው ያጎበጠው። ሦስቱም መምህራን ሐሳቡን ወደዱት፣ ሦስቱም እፈርማለሁ አሉ፤ በአንድ ስብሰባ መገናኘት ግን አልሆን አለ። ሰኞ ኢዮሲያስ መስክ ነው። ማክሰኞ ሳዲቅ ክፍል አለው። ረቡዕ ሩሐማ ላብራቶሪ ናት። ሐሙስ ሦስቱም ነጻ ሆኑ፤ ስብሰባ ክፍሉ ተቆለፈ። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። የመጨረሻው ሰኞ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀር፣ ባየ ጓሮው ተቀምጦ ለራሱ ማድ ቤት ያቦካውን ጭቃ ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየ። አሥራ አምስተኛ ቀኑ ነው። ቅዳሜ ጎረቤት ተጠርቶ የመጨረሻውን ሊረግጥ ነው።

"እታገኝ፣ ቅዳሜ ለሦስት ሰው ተጨማሪ ጎደሬ ቀቅይ" አላት።

"ማን ናቸው?"

"ስብሰባው ነዋ።"

ይህን ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። በእነ ባየ ሰፈር ጭቃ ሲረገጥ የሚከበር ደንብ አለ፤ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ያስገባ ስለ ቤቱ የመናገር መብት አለው፤ ያላስገባ ዝም ብሎ ይብላ። የደንቡ ጠባቂ ጎረቤታቸው አባባ ጌታሁን ናቸው፤ ሰማንያ የተጠጉ፣ ቤንችኛውንም አማርኛውንም እኩል የሚቀልዱበት ሽማግሌ። ባየ ዓርብ ዕለት መምህራኑን አንድ በአንድ ሄዶ ጠራቸው። ስለ ስብሰባ ትንፍሽ አላለም። ኢዮሲያስን "የአፈሩን ነገር በዓይንህ ብታየው" አለው። ሳዲቅን "ማገሩ ልክ መሆኑን ብትለካልኝ" አለው። ዶክተር ሩሐማን "ጉድጓዱ ዛሬ እንዴት እንደሚሸት ቢያውቁ" አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ሲያባራ፣ ኢዮሲያስ የናሙና ከረጢት ይዞ መጣ። ሳዲቅ ሜትሩን ወገቡ ላይ ሰክቶ ተከተለ። ሩሐማ በባጃጅ ደረሰች፤ በእጇ ክዳን ያለው ጠርሙስ ይዛለች። ስድስት ሰዓት ላይ ለሁለት ሳምንት የመስክ ሥራ ወደ ቴፒ የምትሄድበት ሚኒባስ አላት።

"አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?" አለ ሳዲቅ ኢዮሲያስን። በሻይ ቤት ሰላምታ ብቻ ነበር የሚተዋወቁት።

"አፈር አይ ብዬ። አንተስ?"

"ግድግዳ ልለካ። ከአፈሩ ጋር ምንም አያገናኘውም።"

"ግድግዳው ከምን የተሠራ መሰለህ፣ ከብስኩት?"

ጉድጓዱ ውስጥ ከአራት ጎረቤቶች ጋር የሚረግጡት አባባ ጌታሁን ቀና አሉ። "ልጆች፣ የምታወሩ ከሆነ ጫማ አውልቁ።"

"ደንብ ነው?" አለች ሩሐማ።

"ደንብ ነው። ከላይ ሆኖ የሚያወራ ዝናብ ብቻ ነው።"

ሩሐማ ከሁሉም ቀድማ ገባች። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ስትሰምጥ ፊቷ ላይ ብርሃን ታየ። "ሞቋል" አለች። "ጋሽ ባየ፣ ይሄ ጭቃ ከታች ይሞቃል። ነፍሳቱ እየሠሩ ነው።" ኢዮሲያስ ሱሪውን ሰብስቦ ተከተላት። ሳዲቅ ትንሽ ተግደረደረ፤ ኋላ አባባ ጌታሁን "ተዉት፣ እሱ ይብላ" ሲሏቸው ሰምቶ ካልሲውን አወለቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነው፣ ባየ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቢሮ ለቢሮ የለመነው ነው። ክብ ሠርተው እየረገጡ ይከራከሩ ጀመር። ባየም በመካከላቸው እየረገጠ የሁለቱን ቤቶች ታሪክ እንደ ልማዱ ተናገረ፤ አንድ ወር፣ አንድ እጅ፣ አንድ ጭድ፣ እኩል አሥራ ስምንት አሥራ ስምንት ቀን የቦካ ጭቃ። "ሁሉም አንድ ነበር" ብሎ ጨረሰ።

"የሁለቱም ጉድጓድ ሽፋን አንድ ነበር?" ጠየቀች ሩሐማ።

ባየ እግሩን አቆመ። "የመጀመሪያውን በኮባ ሸፈንነው። ለሁለተኛው የኮባው ቅጠል አልቆ ነበር፤ ላስቲክ ጣልንበት።"

"ላስቲክ አየር አያስገባም እኮ።"

"አፈሩስ?" አለ ኢዮሲያስ። "ከአንድ ቦታ ነው የተቆፈረው?"

"ከአንድ... አይ። የመጀመሪያው ከወንዙ ዳር ነው። ለሁለተኛው ስንቆፍር ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ከዳገቱ አመጣን።"

ሳዲቅ አንድ እግሩን ከጭቃው መዘዘ። አሁን ቀስ ብሎ፣ "ቋሚውስ፣ ደርቆ ነበር?" አለ።

ባየ ይህንንም አስታውሶ ነገራቸው። የመጀመሪያው ቤት ባለቤት ባሕር ዛፉን ከዓመት በፊት ቆርጦ ያደረቀ ነበር። ሁለተኛው ባለቤት በዚያው ሳምንት ነው ያስቆረጠው፤ ቅጠሉ እንኳ አልጠወለገም።

ሁሉም መርገጣቸውን ቀጠሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "ሁሉም አንድ ነበር" ሲል የኖረው በገዛ እጁ የሠራውን ብቻ እየቆጠረ መሆኑ ለባየ አሁን ነው የገባው። እጁ አንድ ነበር። ወንዙ፣ ላስቲኩና ባሕር ዛፉ ግን ከእጁ ውጭ ስለነበሩ አልቆጠራቸውም።

"ታዲያ የቱ ነው የሰነጠቀው?" አሉ አባባ ጌታሁን።

ሦስቱም መምህራን በአንድ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ዘጉ።

"አላውቅም" አለ በመጨረሻ ኢዮሲያስ።

"ሦስቱም ተጋግዘው ይሆናል" አለች ሩሐማ። "ወይም ሁለቱ ብቻቸውን ምንም ላያደርጉ ይችላሉ፤ ሦስተኛው ሲጨመር ነው። ይሄን ለይቶ ለማወቅ ሦስቱንም የሚያውቅ አንድ ሰው ያስፈልጋል።"

"ለእሱ ሰውዬ ነው እኮ እናንተ የማትፈርሙለት" አለች እታገኝ፣ የጎደሬውን ሳህን ይዛ ብቅ ብላ።

እዚህ ላይ ባየ ያሰበውን ተናዘዘ። ፎርሙ ደረት ኪሱ ውስጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። ሩሐማ ሳቀች፤ ሳዲቅ "ማገሩን ልለካ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት፣ ታለልኩ" እያለ ራሱን ነቀነቀ። እዚያው እየረገጡ ዝርዝሩን ባየ በቃሉ አነበበላቸው፤ እነሱ መረመሩት። ኢዮሲያስ አንድ ኮርስ አስወጣ፣ ሳዲቅ በቦታው የእንጨት ባሕርይ የሚለውን አስገባ፣ ሩሐማ የሁለቱን ቅደም ተከተል አገላበጠች፤ የዝርዝሩን ገጽ ባየ ባዶ ትቶት ስለነበር፣ እጇን ጭቃ ያልነካት እታገኝ በንጹሕ ሞላችው። ስሙ ላይ ግን ተያያዙ። ሳዲቅ ባለ አምስት ቃል ስም አወጣ፤ ኢዮሲያስ ስድስተኛ ጨመረበት።

"የጭቃ ግንባታ ጥናት ይበቃል" አለ ባየ።

"በጭቃ ከተመረቀማ ጭቃ ሹም መሆኑ ነው" አሉ አባባ ጌታሁን፤ ጉድጓዱ በሙሉ ሳቀ።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ለመፈረም እጅ መታጠብ ያስፈልጋል፤ ለመታጠብ ውኃ። ጄሪካኑ ግን ባዶ ነበር፤ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሳዲቅ "ደርቋል፣ ያንሰዋል" ብሎ ማንንም ሳይጠይቅ ሙሉውን ጭቃው ላይ ደፍቶታል። ባጃጁ በር ላይ ጥሩምባ ነፋ። እጃቸውን በኮባ ቅጠል ጠራርገው፣ የእንጨት ክምር ላይ በተራ ተቀምጠው ፈረሙ። ሩሐማ በግራ እጇ ትኩስ ጎደሬ፣ በቀኝ እጇ ጠርሙስ ሙሉ ጭቃ ይዛ ባጃጅ ገባች።

ባየ ፎርሙን ሲያየው፣ በእያንዳንዱ ፊርማ አጠገብ አንድ አንድ የአውራ ጣት ጭቃ ቁጭ ብሏል።

እንዲደርቅ ተወው። ሲደርቅ ይረግፋል ብሎ ነበር።

ሰኞ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሬጅስትራር ቢሮ ቆመ። ወይዘሮ ተሾመች ገጾቹን እየገለበጠች አራተኛው ላይ ስትደርስ መነጽሯን አስተካከለች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ፊርማ ነው፣ ወይዘሮ ተሾመች። በአንድ ስብሰባ የተፈረመ።"

"ስብሰባው የት ነበር፣ ወንዝ ውስጥ?"

"ጉድጓድ ውስጥ።"

ቀና ብላ አየችው፤ እየቀለደ አልነበረም። "ጋሽ ባየ፣ ፎርሙ ንጹሕ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት መሆን አለበት። አዲስ ያስፈርሙ።"

"ዶክተሯ ቴፒ ናት፤ የምትመለሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ደግሞ ስርዝም ድልዝም የለበትም።"

"ጭቃ አለበት።"

"ስለ ጭቃ ሕጉ ዝም ይላል።"

ወይዘሮ ተሾመች ክፉ ሰው አይደለችም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀራል። "እስቲ ይራገፍ እንደሆነ" ብላ በጥፍሯ ጫረችው። አልተነሳም። በማስመሪያ ጠርዝ ፋቀችው። አልተነሳም። ወረቀቱን አጥፋ ዘረጋችው፤ ጭቃው ከወረቀቱ ጋር ታጠፈ፣ ከወረቀቱ ጋር ተዘረጋ፤ አንዲት ቅንጣት ጠረጴዛው ላይ አልወደቀችም። ከመሳቢያዋ ቁልፍ አውጥታ በጥርሱ ሞከረችው። ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ፤ ጭቃው ግን ንቅንቅ አላለም።

ባየ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። ፎርሙን ረስቶ ጭቃውን ብቻ ነበር የሚያየው።

"የእኔ መኝታ ቤት ግድግዳ በየማለዳው አንድ እፍኝ ይረግፋል" አለች ተሾመች፣ ለራሷ እንደምትናገር። "ከአልጋው ሥር እየጠረግሁ ስድስት ዓመቴ። ይሄ በቁልፍ አይነሳም። ለምን?"

"ጥያቄው ገጽ አንድ ላይ አለ" አላት ባየ።

ወደ ገጽ አንድ መለሰች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላነበበችውም ነበር። ጣቷን ከመስመር መስመር እያስኬደች አነበበች፤ ስለ ሁለቱ ቤቶች፣ ስለ እርሳሶቹ። አንብባ ስትጨርስ እስክሪብቶዋን አንስታ፣ ለቢሮ ብቻ በተተወው ሳጥን ውስጥ በጥሩ እጅ ጽሕፈቷ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "አባሪ፦ ጭቃ፣ ሦስት ናሙና።" ማኅተሙን እንኳ ጭቃው ላይ እንዳያርፍ ጠንቅቃ፣ ከጎኑ አሳረፈችው።

ባየ ሊያመሰግን አፉን ሲከፍት በእጇ አስቆመችው።

"ለግድግዳዬ መቼ ይመጣሉ?"

"መጀመሪያ ጥያቄ አለኝ። አፈሩ ከየት ነበር የመጣው? ጉድጓዱስ በምን ተሸፈነ? እንጨቱስ ደርቆ ነበር?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋሽ ባየ። ሁሉም እንደማንኛውም ሰው ቤት ነው።"

ባየ ከጠረጴዛዋ ላይ እርሳስ ተዋሰ፤ ከኪሱም አንድ የሳሙና ካርቶን ቁራጭ አወጣ።

"እኔም ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ስል ነው የኖርኩት" አላት፤ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።